ሁለተኛው ሽጉጥ

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከወትሮው ለየት ያለ ነው። ስለ ምርጫም፣ ስለ ድርድርም፣ ስለ ሹም ሽርም አይደለም። ስለ አንድ ሽጉጥ ግዢ ነው። «አገር በጠመንጃ እየታመሰች ይህ ሰው ቨርጂንያ ተቀምጦ ሽጉጥ ያማርጣል?» የሚል ወገን እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ተግሣጹን እቀበላለሁ። የምጽፈው ግን በዚሁ ምክንያት ነው። ስለ ትጥቅ በተነጋገርን ቁጥር የምናነሣው ማን እንደታጠቀና ማን ሊፈታ እንደሚገባው ነው። ሰው መሣሪያ ሲመርጥ በልቡ ውስጥ ምን እየመረጠ እንደሆነ ስንጠይቅ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ሽጉጥ የገዛሁት እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ወረርሽኙ መንገዱን ሁሉ ባዶ ያደረገበት፣ ሰው ከጎረቤቱ ጋር እንኳ በመስኮት የተያየበት ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ከመሣሪያ ግዢ ጋር በተያያዘ የተካሄደው የማጣሪያ ምርመራ ብዛት ከዚያ በፊት ከነበሩት ዓመታት ሁሉ የላቀ ነበር። እኔም ከሰልፈኞቹ አንዱ ነበርሁ። ሻጩ «ለምን ትፈልገዋለህ?» ሲለኝ «ለቤቴ» አልሁት። እውነተኛው መልስ «ፈርቻለሁ» የሚል ነበር። ግሎክ 19 የሚባለውን ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ይዤ ወጣሁ፤ በራስጌዬ ባለው መሳቢያ ውስጥም አስቀመጥሁት።

ሽጉጥ ገዝቶ አለመለማመድ መኪና ገዝቶ መንዳት አለመማር ነው ብዬ በወር ሁለት ቅዳሜ ወደ አንድ የተኩስ መለማመጃ አዳራሽ መሄድ ጀመርሁ። በዚያ የሚታየው ሥርዓት መጀመሪያ አስገርሞኝ ነበር። የጆሮ መከላከያና መነጽር ሳያደርግ ማንም አይገባም። መሣሪያው ሁልጊዜ ጥይት እንደጎረሰ ይቆጠራል። አፈሙዙ ሊያጠፉት ወደማይፈልጉት ነገር አይዞርም። ዒላማው ላይ እስኪያነጣጥሩ ድረስ ጣት ቃታ አይነካም። ከዒላማው በስተኋላ ምን እንዳለ ሳያውቁ አይተኮስም። እነዚህን አራት ሕጎች ሐኪሙም፣ የጭነት መኪና ነጂውም፣ ጡረታ የወጣው ኮሎኔልም እኩል ይታዘዛሉ። ተራ አስከባሪው «አቁሙ!» ካለ ሁሉም መሣሪያውን አስቀምጦ ወደ ኋላ ይላል። «ማን እንደሆንሁ ታውቃለህ?» የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

እኔ ግን ዒላማ አልመታልህ አለኝ። በሰባት ያርድ ርቀት፣ ማለትም ከስድስት ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ላይ የተሰቀለውን ወረቀት እያነጣጠርሁ ጥይቶቼ ሁሉ ከመካከሉ ወደ ታችና ወደ ግራ ይወርዱ ነበር። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት እንዲሁ ሆነ። በመጨረሻም አብዛኞቻችን የምንደርስበት መደምደሚያ ላይ ደረስሁ፤ ጥፋቱ የሽጉጡ ነው አልሁ። ሌላ ሽጉጥ መጨመር አለብኝ አልሁ።

*

በመጀመሪያ ዐይኔ ያረፈው በግዙፉ ላይ ነበር። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 ተቀብሎ እስከ 1985 ድረስ ዋነኛ ሽጉጡ ያደረገው፣ ባለ አርባ አምስት ካሊበሩ የጆን ብራውኒንግ ሥራ ነው። ብረቱ ይከብዳል፤ ጥይቱ እንደ አውራ ጣት ይወፍራል። በእጄ ይዤ ስመዝነው ደረቴ ተነፋ። ይህ ስሜት ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ውጅግራ፣ ናስማሰር፣ ምንሽር፣ አልቤን፣ ዲሞትፈር እያልን ጠመንጃን እንደ ፈረስ በስሙ የጠራን ሕዝብ ነን። ዐድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. የተገኘው ድል መሣሪያን ከክብራችን ጋር አጣብቆ እንዳስቀመጠው የሚክድ የለም። ሆኖም እኔ የምፈልገው ወረቀት የሚበሳ መሣሪያ ነበር። ወረቀት ደግሞ አይፈራም፤ አያከብርምም። ደረቴን የነፋው ነገር ዒላማዬን እንደማያቀናው ገብቶኝ ግዙፉን መለስሁት።

ሁለተኛው ፈተና ከዚያ የባሰ ነበር። በመስተዋቱ ውስጥ አንድ አሮጌ፣ ቤልጅግ ሠራሽ ብራውኒንግ ተቀምጦ አየሁ። እጀታው የእንጨት ነው፤ ጥቁሩ ቀለም ጠርዝ ጠርዙ ላይ ነጥቷል። እግሬ ተያዘ። ይህን ሽጉጥ አውቀዋለሁ። የአባቴ ሽጉጥ ወንድም ነው።

በ1969 ዓ.ም. መጋቢት ወር አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ለቤት አሰሳ ሲታወጅ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ መሣሪያውን ከየት እንዳገኘው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሲተኩስበትም አይቼው አላውቅም። በዚያች ሌሊት ግን ሽጉጡን ዘይት በነካ ጨርቅ ጠቅልሎ ከጓሮ ከጌሾው ሥር ሲቀብረው በመስኮት ቀዳዳ አየሁት። ሲነጋ እናቴ አፈሩ ትኩስ መሆኑን አስተውላ ሰሌን አነጠፈችበት፤ ለፋሲካ ጠላ ያዘጋጀችውን ብቅልም ሰሌኑ ላይ አሰጣችው። አሳሾቹ መጡ። ፍራሽ ገለበጡ፣ ኮርኒስ ቀደዱ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ ከብቅሉ ቆንጠር አድርጎ ቀመሰና አለፈ። አባቴ በዚያን ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር በግራ እጁ ይዞት ነበር።

ሽጉጡ ከዚያ በኋላ ለዓመታት አልወጣም። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1983 ዓ.ም. ቆፍሮ ሲያወጣው ዝገት በልቶት ነበር፤ ወስዶ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣለው። እነዚያን አሥራ አራት ዓመታት ሳስብ አንድ ነገር ይገርመኛል። ያ መሣሪያ አንድም ቀን ቤታችንን አልጠበቀም፤ እኛ ነበርን እርሱን የጠበቅነው።

በመስተዋቱ ውስጥ ያለውን ብራውኒንግ ሻጩ አውጥቶ ሰጠኝ። ውብ መሣሪያ ነው፤ እጅ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ነው። መልሼ ሰጠሁት። ትዝታን በመዶሻና በቃታ መልክ ገዝቶ ቤት ማስገባት ዒላማ መለማመድ አይደለም።

*

እውነቱን የነገረኝ በአዳራሹ የሚያስተምር አንድ ሽማግሌ ነው፤ በወጣትነቱ ወታደር ነበረ። ችግሬን ስነግረው ሽጉጤን ተቀበለኝና ፊቱን አዙሮ አጎረሰው። ከእውነተኛዎቹ ጥይቶች መካከል ባሩድ የሌላቸው የልምምድ ጥይቶች ቀላቅሎ ነበር። የትኛው መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ተኮስሁ፤ ጮኸ። ተኮስሁ፤ ጮኸ። በሦስተኛው ቃታውን ስስብ ድምፅ የለም። ነገር ግን አፈሙዙ ማንም ሳይገፋው ወደ ታችና ወደ ግራ ሲሰግድ በገዛ ዐይኔ አየሁት። ሽማግሌው ፈገግ ብሎ «ሽጉጥህ ጤነኛ ነው፤ የሚፈራው እጅህ ነው» አለኝ።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። አእምሮ ፍንዳታውን አስቀድሞ ይጠብቃል። ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት፣ ከቅጽበት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ እጅ ይጨብጣል፣ ክንድ ይገፋል። ጥይቱ ሲጮህ የሽጉጡ መወርወር ጥፋቱን ስለሚሸፍነው ተኳሹ አያየውም። ትልቅ ካሊበር ሲይዙ ደግሞ ፍርሃቱ ይጨምራል፤ መሸፈኛውም እንዲሁ። እኔ ልገዛው የነበረው አርባ አምስት ካሊበር በሽታዬን እያባባሰ ይሰውርልኝ ነበር ማለት ነው። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት የሚባለው ለካ ለእንዲህ ያለው ነው።

መድኃኒቱ ትንሹ ጥይት ነው አለኝ፤ ሃያ ሁለት ካሊበር። እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ ያለ አሮጌ ጥይት ነው። ብዙውን ጊዜ የእርሳሱ ክብደት ሁለት ግራም ተኩል ያህል ሲሆን፣ የተለመደው የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ግን ከሰባት ግራም በላይ ይመዝናል። መራገጥ የለውም ማለት ይቻላል፤ ጩኸቱም ያንሳል። ዋጋውም ከ9 ሚሊ ሜትሩ ሲሶ ቢሆን ነው፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ገንዘብ የሦስት ቀን ልምምድ ይገኛል። ጉድለቱንም አልደበቀኝም። በዚህ ጥይት የማቀጣጠያው ቅመም ያለው በቀለሁ ከንፈር ዙሪያ ስለሆነ አልፎ አልፎ ይከሽፋል። ሲከሽፍ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ ሠላሳ ሴኮንድ ያህል መታገሥ ይገባል፤ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላልና። ከተኩስ በኋላ ሳይበሉ፣ ፊት ሳይነኩ እጅን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና መታጠብ ግድ ነው። የእርሳስ ብናኝ በእጅ ብቻ ሳይሆን በልብስና በጫማም ወደ ቤት ይገባል።

ከዚህ በኋላ ምርጫው በሁለት መካከል ሆነ። አንደኛው ግሎክ 44 ነው። ቅርጹና ቃታው በእጄ ያለውን ግሎክ 19 ስለሚመስል በትንሹ የተማሩት በቀጥታ ወደ ትልቁ ይሻገራል፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሩገር ማርክ ፎር ነው። ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1949 ኩባንያው ሥራ የጀመረበት ሽጉጥ ነው። የቀድሞዎቹ ፈታትቶ ለማጽዳት ትዕግሥት የሚያስጨርሱ ነበሩ ይባላል፤ አዲሱ ግን ከኋላው ያለውን አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ይከፈታል። ከባድ ነው፤ በእጅ ላይ ይረጋል። ሲተኮስ የሚንቀሳቀሰው የውስጡ መቀርቀሪያ ብቻ ስለሆነ አፈሙዙም ማነጣጠሪያውም ከቦታቸው አይነቃነቁም። በኪስ አይገባም፤ በወገብም አይሸጎጥም። ሩገሩን መረጥሁ። ምክንያቴ ትክክለኛነቱ ብቻ አልነበረም። ከወረቀት በቀር ሌላ የማይመታ መሣሪያ ነው ብዬ ራሴን ማሳመን ፈልጌ ነበር።

*

ባለቤቴ ግን አልተሳመነችም። «አንዱ ምን አነሰህ?» አለችኝ። ስለ ሃያ ሁለት ካሊበር ያለኝን እውቀት ሁሉ ዘረገፍሁላት። በጸጥታ አዳመጠችኝና «ልጅህ ለየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንዳመለከተ ታስታውሳለህ?» አለችኝ።

አስታውሳለሁ። ካመለከተባቸው አንዱ ብላክስበርግ የሚገኘው ቨርጂንያ ቴክ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 2007 በዚያ ግቢ አንድ ተማሪ 32 ሰዎችን ገድሎ ራሱን አጠፋ። የያዛቸው ሽጉጦች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ግሎክ 19፣ ሁለተኛው ዋልተር ፒ 22 የሚባል ባለ ሃያ ሁለት ካሊበር። እኔ በመሳቢያዬ ያለኝና ልጨምረው የተነሣሁት ጥይት ማለት ነው። ያን ጊዜ በቨርጂንያ አንድ ሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ ከአንድ ሽጉጥ በላይ እንዳይገዛ የሚከለክል ሕግ ነበር፤ ሁለተኛውን ለመግዛት ሠላሳ ቀን ጠብቋል። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2012 ተሽሮ በ2020 ተመልሷል። ወጣቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በዳኛ ፊት ቀርቦ ለራሱ አደገኛ ነው ተብሎ በተመላላሽነት እንዲታከም ታዝዞ ነበር። ያ ትእዛዝ ግን ገዢዎች ወደሚጣሩበት መዝገብ አልተላለፈም ነበርና ሁለቱንም ጊዜ ማጣሪያውን አለፈ። «ከወረቀት በቀር የማይመታ» ያልሁት ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ፈረሰ። የዋህ ሽጉጥ የለም።

እርስዋ ግን ገና አልጨረሰችም። በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ2023 በጦር መሣሪያ ከሞቱት ወደ 46,700 ሰዎች ውስጥ 27,300 ያህሉ ራሳቸውን ያጠፉ መሆናቸውን ነገረችኝ። ሌባን ለመመከት የተገዛ ሽጉጥ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው የቤቱን ሰው ነው ማለትዋ ነበር። እኔም «መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ማን ያየዋል?» አልሁ። ይህን ጊዜ ማዶ ተቀምጦ የሚያጠና የመሰለን ልጃችን ቀና ሳይል «አባዬ፣ ከካልሲዎቹ ሥር ነው። ከገዛኸው ሳምንት ጀምሮ አውቃለሁ» አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ። በመስኮት ቀዳዳ ጌሾውን የሚያይ የሰባት ዓመት ልጅ ፊቴ ድቅን አለ። አባቴም እስኪሞት ድረስ ማንም እንዳላየው ያምን ነበር።

*

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ተወያየን። «ሁለቱንም ሽጠህ ተገላገል» የሚለው ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ትክክል ሊሆንም ይችላል። የተስማማነው ግን በሌላ ነው። ሁለተኛው ሽጉጥ ሊገዛ፣ በምትኩ የመጀመሪያው ከራስጌዬ ሊነሣ። ሁለቱም ከግድግዳ ጋር በታሰረ የብረት ሣጥን ውስጥ፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ ለብቻው፣ ሁለቱም ቁልፎች በእርስዋ እጅ። ለልምምድ ስወጣ እጠይቃታለሁ፤ ስመለስ አስረክባታለሁ። በሌሊት ለሚመጣው ሌባ ከእንግዲህ ዝግጁ አይደለሁም። አምስት ዓመት ያህል ዝግጁ ነበርሁ፤ የመጣው ሌባ አልነበረም።

ሽጉጡን ስገዛ 4473 የተባለውን ቅጽ ሞላሁ። ገዢው ራስህ ነህን? ከሕግ ያመለጥህ ነህን? በቤተሰብህ ላይ ጥቃት በመፈጸም ተፈርዶብሃልን? በፍርድ ወደ አእምሮ ሕክምና ገብተሃልን? አንድ በአንድ መልሼ ፈረምሁ። ቅጹ የሚቀመጠው በሻጩ እጅ ነው፤ የፌዴራሉ መንግሥት የባለ መሣሪያዎች አጠቃላይ መዝገብ እንዳያቋቁም እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ ይከለክለዋል። ማጣሪያው እንደ 2007ቱ ያለ ቀዳዳ ሊኖረው እንደሚችል አውቄ ፈረምሁ። ስፈርም ግን አንድም ጊዜ «ይህ ወረቀት ነገ ሌሊት በሬን የሚያንኳኳ ሰው ኪስ ውስጥ ይገኝ ይሆን?» ብዬ አልሰጋሁም።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። መሣሪያ በፈቃድ እንጂ በዘፈቀደ እንዳይያዝ ማዘዙን ጤነኛ ሰው አይቃወምም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ፣ ጦርነቱ ወደ መሐል አገር ሲገፋ፣ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ያላቸውን መሣሪያ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡ ተነገራቸው። ዜናውን ስሰማ እኔ ያሰብሁት አዋጁን አልነበረም። ብቅሉን ነበር። በእኔ ዕድሜ ላለ የአዲስ አበባ ልጅ «ምዝገባ» እና «አሰሳ» የሚሉት ቃላት በአንድ በር የሚገቡ ናቸው። ዜጋ መሣሪያውን የሚያስመዘግበው የመዝገቡን አያያዥ ሲያምን ነው። ካላመነ ይቀብራል፤ የቀበረ ሕዝብ ደግሞ ትጥቅ ፈታ አይባልም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን፣ በኋላም በሌሎች ክልሎች የፈሰሰውን ደም ስናይ፣ ጥያቄው ስንት ጠመንጃ ከማን እጅ ይሰብሰብ የሚለው ብቻ ሊሆን አይችልም። በሩ በሌሊት ሲንኳኳ የሚሰማንን ነገር ማን ይሰብስብልን የሚለውም ጥያቄ ነው። መንግሥትም ቢሆን ባነሣው ካሊበር ልክ ክንዱ የጸና ይመስለዋል፤ ጩኸቱ መንቀጥቀጡን ይሸፍንለታልና።

ባለፈው ቅዳሜ ሽማግሌው ፈተናውን ደገመልኝ። ከአሥሩ ውስጥ ሦስቱን ባዶ አደረጋቸው። በሁለቱ አፈሙዙ ዝንፍ አላለም፤ በሦስተኛው ትንሽ ሰገደ። «ደህና ነው፤ ገና ነህ» አለኝ። እጄን ታጥቤ፣ ጫማዬን ከበሩ ውጭ አውልቄ ገባሁ፤ ሣጥኑን ቆልፌ ቁልፎቹን ለባለቤቴ ሰጠኋት። ልጄ የተበሳውን ወረቀት ተቀብሎ በብርሃን ላይ ዘርግቶ አየውና «ይኼኛው ወደ ግራ ሄዷል» አለ። አዎን፣ ሄዷል አልሁት። ስለ አያቱ ሽጉጥና ስለ ጌሾው የነገርሁት በዚያ ምሽት ነው።

ቸር ያሰማን።